ከመዝገብ የቀሩት

ይህን የምጽፈው ለእኩዮቼ ነው። በየሆስፒታሉ የጥራት ክፍልን ለምትመሩ፣ ሜዲካል ዳይሬክተር ሆናችሁ ሪፖርት ለምትፈርሙ፣ በዞንና በክልል የጤና መሥሪያ ቤቶች ተቀምጣችሁ የሌላውን ሪፖርት ለምትመዝኑ። ወጣቶቹን አልወቅስም፤ የሚያደርጉትን የተማሩት ከእኛ ነው። በቁጥር ሰው ስንሸልምና በቁጥር ሰው ስናሳፍር ኖረናል። ቁጥሩ ማንን እንደያዘና ማንን እንደተወ ሳይጠይቁ መሸለምም ማሳፈርም በታካሚው ሕይወት ላይ መፍረድ ነውና፣ ጡረታ ሳይለያየን በፊት በግልጽ እንድንነጋገር እፈልጋለሁ።

የምላችሁ አንድ ነገር ነው። የጤና አገልግሎትን ጥራት በለካችሁ ቁጥር፣ ልኬቱ ውስጥ ያልገባው ሰው ማን እንደሆነ ሳታጣሩ ውጤቱን አትመኑ። ከመዝገብ የሚቀረው ሰው በዕጣ አይቀርም። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረው የባሰበት ነው፦ ሌሊት ደርሶ ካርድ ሳይወጣለት ያለፈው፣ ሪፈር ተጽፎለት በመንገድ የቀረው፣ ለትራንስፖርት አጥቶ ለቀጠሮው ያልተመለሰው። እረኛ ማታ በጎቹን ሲቆጥር በረት የገቡትን ብቻ አይቶ «ሁሉም ደህና ናቸው» አይልም፤ ጅብ የበላው በረት አይገባምና። እኛ ግን በየሩብ ዓመቱ በረት የገቡትን እየቆጠርን ምስጋና ስንቀባበል ቆይተናል።

በቀዶ ሕክምና የወለደችን አንዲት እናት እንከተል። በሦስተኛው ቀን ሙቀቷ ደህና ሆኖ፣ ቁስሏ ደርቆ፣ ሕፃኗን ታቅፋ ከሆስፒታል ትወጣለች። በመውጫ ወረቀቷ ላይ ኢንፌክሽን እንደሌለባት ይጻፋል፤ በዚያች ቀን እውነት ነው። የቀዶ ሕክምና ቁስል ግን ብዙ ጊዜ የሚያመረቅዘው ሴትየዋ ቤቷ ከገባች በኋላ ነው። ዓለም አቀፉ መለኪያ ይህን ስለሚያውቅ ክትትሉ እስከ 30 ቀን እንዲዘልቅ፣ ብረት ወይም ሌላ ባዕድ አካል በሚተከልባቸው አንዳንድ ቀዶ ሕክምናዎች ደግሞ እስከ 90 ቀን እንዲዘልቅ ያዛል። እናታችን በስምንተኛው ቀን ቁስሏ መግል ሲይዝ ወደ እኛ አትመለስም። መንገዱ ሩቅ ነው፤ አራስ ናት፤ የመኪናው ዋጋ አይቀመስም። ቅርቧ ወዳለው ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ወይም ባሏ ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝቶላት ትውጣለች። ወይም እያተኮሳት ቤቷ ትተኛለች። ጤና ጣቢያው ቁስሏን አጥቦ በተመላላሽ መዝገቡ ላይ ስሟን ያሰፍራል። የእኛ መዝገብ እንደነጻ ይቀራል፤ በሩብ ዓመቱ መጨረሻም የቁስል ኢንፌክሽናችን ከ1 በመቶ በታች ወረደ የሚል ስላይድ ይታያል፤ አዳራሹም ያጨበጭባል።

አሁን ደግሞ ከጎናችን ሌላ ሆስፒታል እንዳለ አስቡ። አንዲት ነርስ መድቧል። ነርሷ በቀዶ ሕክምና የወለዱትን እናቶች ሁሉ ስልክ እየደወለች ትጠይቃለች፤ ስልክ የሌላትን በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በኩል ታስፈልጋለች። ቁስሉ ያመረቀዘባትን ታገኛለች፤ ካገኘችም ትጽፋለች። የዚህ ሆስፒታል ቁጥር ከፍ ይላል። ሁለቱ ሆስፒታሎች በዞኑ ግምገማ ላይ ጎን ለጎን ሲቀርቡ፣ እናቶቹን የፈለገው በቀይ ይቀለማል፤ ያልፈለገው በአረንጓዴ። በግምገማው ማግስት የሁለተኛው ሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ ምን እንደሚያደርግ እናንተም እኔም እናውቃለን። ነርሷ «በሰው ኃይል እጥረት ምክንያት» ወደ ዋርድ ትመለሳለች። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሁለቱም አረንጓዴ ይሆናሉ። የእናቶቹ ቁስል ግን ባለበት ነው።

ይህ የአንድ መለኪያ ታሪክ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። የመለኪያዎቻችን ሁሉ መሠረት ከዚሁ ሕመም የጸዳ አይደለም።

ስለ መረጃ ምሉዕነት ስንጠየቅ የምንመልሰውን መልስ አስተውሉ። «ከተቋሞቻችን 96 በመቶው ሪፖርታቸውን ልከዋል» እንላለን። ይህ የሚነግረን ወረቀቱ ወይም ፋይሉ መድረሱን ነው። ውስጡ ስለመሞላቱ አይነግረንም። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በየደረጃው የዘረጋነው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሥርዓት ሪፖርት ደረሰ ብሎ የሚቆጥረው፣ የተቋሙ የመረጃ ባለሙያ ቅጹን ከፍቶ «ኮምፕሊት» የሚለውን ቁልፍ ሲጫን ነው። የግዴታ ተብለው ካልተወሰኑ በቀር ግማሹ ሣጥን ባዶ ሆኖም ቁልፉ ይሠራል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ሌላ ነው። ለመረጃው ዓይነት ተለይቶ ካልታዘዘ በስተቀር፣ ሥርዓቱ ዜሮን አያስቀምጥም። ባለሙያው ጠይቆና አጣርቶ «በዚህ ወር የሞተች እናት የለችም» ብሎ ዜሮ ቢጽፍም፣ ምንም ሳይጠይቅ ሣጥኑን ቢያልፈውም፣ ክልል ላይ ለተቀመጠው ሰው ሁለቱም አንድ ሆነው ይታዩታል። የድንገተኛ ወረርሽኝ ቅኝት ባለሙያዎቻችን የዜሮ ሪፖርትን ክብር ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ በሳምንቱ አንድም የኩፍኝ ታማሚ ባይገኝ እንኳ «ፈልገን አላገኘንም» ብለው እንዲጽፉ ይገደዳሉ። የጥራት መለኪያዎቻችንን ግን እንዲህ ባለ ጥንቃቄ አላሰርናቸውም። ባዶ ሣጥንን ዜሮ አድርጎ የደመረ ሰው መረጃ አልሰበሰበም፤ ፈጥሯል።

«እኛ እኮ የመረጃ ጥራት እንፈትሻለን፤ በየወሩ ኤልኪውኤኤስ እንሠራለን» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። እውነት ነው፤ በየወሩ ካለፈው ወር 21 እስከ ወሩ 20 ያለው ሪፖርት ሲዘጋ፣ ከቅጹ 12 ቁጥሮች በዕጣ ይወጡና ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራሉ። መልካም ሥራ ነው፤ አይቅር። ነገር ግን የሚፈትሸውን ለይታችሁ እወቁ። ሪፖርቱ ከመዝገቡ ጋር መስማማቱን ይፈትሻል። መዝገቡ ከሰዎቹ ጋር መስማማቱን አይፈትሽም። በማዋለጃ መዝገቡ 84 ወሊድ ካለና በሪፖርቱም 84 ከተጻፈ ፈተናው አለፈ ይባላል። ሰማንያ አምስተኛዋ ሴት በሩ ላይ ወልዳ፣ ደም ፈሷት፣ በአምቡላንስ ወደ ሌላ ሆስፒታል ተልካ፣ በጥድፊያ መሐል ማንም ስሟን ሳይጽፍ ከቀረች ከሁለቱም የለችም። ሁለት ወረቀቶች በአንድ ስሕተት ሲስማሙ እኛ መቶ በመቶ ትክክል እንላለን።

ስለዚህች ሰማንያ አምስተኛ ሴት ጥቂት ልቆይ፤ የዚህ ጽሑፍ ምክንያት እርሷ ናትና። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአገራችን ከ100 ሺህ በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 412 እናቶች እንደሚሞቱ ገምቶ ነበር። በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት በሚወለዱበት አገር ይህ ከ10 ሺህ በላይ እናቶች ማለት ነው። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ ሥርዓት እያንዳንዷን ሞት አግኝቶ፣ ምክንያቷን መርምሮ፣ መፍትሔ እንዲያስከትል የታሰበ ነው። ሥርዓቱ ሲጀመር ብዙዎቻችን ተስፋ አድርገንበት ነበር፤ ዛሬም ተስፋዬ አልጠፋም። ነገር ግን በቅኝቱ ተመዝግበው የተመረመሩት ሞቶች ከተገመተው ጥቂቱ ክፍል ብቻ ናቸው። በምርመራው መድረክ «ዋነኛው ምክንያት የዘገየ ውሳኔ ነው» ወይም «የደም እጥረት ነው» እያልን የምንደመድመው በእነዚህ ጥቂቶች ላይ ቆመን ነው። የተመረመሩት ደግሞ በአብዛኛው ተቋም ደርሰው የሞቱት ናቸው። ቤቷ የሞተችው፣ መንገድ ላይ የሞተችው ምን እንደገደላት አልጠየቅንም። እቅዳችንን የሚያወጡልን የደረሱት ናቸው።

በወሊድ ክፍል ውስጥ ያለው ሌላ መጉደል ከዚህ ይረቅቃል። ሕፃኑ አንድ ሁለት ጊዜ ተንፍሶ ቢያልፍ የጨቅላ ሞት ነው፤ ምርመራም ይከተለዋል። «ሞቶ የተወለደ» ተብሎ ቢጻፍ ግን ጥያቄው ይቀላል። ሞቶ ከተወለደም፣ ምጥ ላይ እያለ የሞተው «ቀድሞ በማህፀን የሞተ» ተብሎ ቢመዘገብ ጥያቄው ጨርሶ ይጠፋል፤ ምጥን ስለመከታተላችን የሚጠይቀን የለም። የምጥ መከታተያው ቅጽ፣ ፓርቶግራፉ፣ ባዶ ከሆነ ወይም ከወሊዱ በኋላ ተቀምጦ የተሞላ ከሆነ ይህን ለማረም እጅግ ይከብዳል። አዋላጆቹ ክፉዎች ስለሆኑ አይደለም። ሁለት ሆነው ሌሊቱን ብዙ እናቶች ያዋልዳሉ፤ ጠዋት የሚጠብቃቸው ደግሞ ቁጣ ነው። ቁጣ ያለበት ቤት መረጃ አይሟላም።

የአካፋዩም ጉዳይ አለ። ሽፋን ወይም ምጣኔ ስንል ከላይ ያለውን ቁጥር ከታች ላለው እናካፍላለን፤ የታችኛውን ግን የሚያይ የለም። መጨረሻ የሕዝብ ቆጠራ ያደረግነው በ1999 ዓ.ም. ነው። ወረዳው «የሚጠበቁ ወሊዶች» ብሎ የሚይዘው ቁጥር ከዚያ ቆጠራ በትንበያ ተስቦ፣ በአማካይ ተባዝቶ የተገኘ ነው። ልደት በመደበኛነት መመዝገብ ራሱ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። ውጤቱ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። በዚያው በ2008 በሪፖርት የመጣው የሦስተኛ ዙር ፔንታ ክትባት ሽፋን ከ90 በመቶ በላይ ነበር። ቤት ለቤት የሄደው ዳሰሳ ያገኘው 53 በመቶ ነው፤ ክትባታቸውን ሁሉ የጨረሱት 39 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያሉት ሕፃናት የማናቸውም ሪፖርት አካል አልነበሩም። የአርብቶ አደር ልጆች፣ በከተማ ዳር የሠፈሩ ተፈናቃዮች ልጆች፣ ጤና ኬላዋ የተዘጋባት ቀበሌ ልጆች ናቸው። ኩፍኝ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያገኘው እነዚህን ነው።

በጦርነት ጊዜ ያየነውንም መሸሸግ አይገባም። ከጥቅምት 2013 በኋላ በትግራይ፣ በማግሥቱም ዓመት በሰሜን ወሎና በዋግ ኽምራ ጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ ፈረሱ፤ ሠራተኛው ተበተነ። ሪፖርት የሚልክ ጠፋ። እንዲህ ባለ ጊዜ የላኩትን ብቻ ደምሮ አማካይ የሚያወጣ ሰው፣ ሕዝብ እያለቀበት ያለውን ቦታ ከስሌቱ አውጥቶ የቀረው አገር ተሻሻለ ይላል። የሪፖርት መቋረጥ ራሱ ከሪፖርቶች ሁሉ የከፋው ሪፖርት ነው፤ በካርታው ላይ ነጭ ሆኖ መቀመጥ የለበትም።

ክትትል ስላቋረጡ ታካሚዎችም እንዲሁ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በአፍሪካ በሰፊው መሰጠት በጀመረባቸው ዓመታት ፕሮግራሞች «ከታካሚዎቻችን ይህን ያህሉ በሕይወት አሉ» ሲሉ፣ የጠፉትን ከስሌት ያስወጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ፣ ከሰሐራ በታች ካሉ አገሮች ጥናቶችን ያሰባሰበ ሥራ፣ ቤታቸው ድረስ ተፈልገው ሁኔታቸው ከታወቀው መካከል ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት ሞተው መገኘታቸውን አሳየ። «ጠፍቷል» የሚለው ምድብ ለብዙዎቹ መቃብር ነበር። ይህን ካወቅን በኋላ ዛሬም በግምገማ ላይ «ቫይረሱ የታፈነላቸው 96 በመቶ» ሲባል፣ ምርመራው የተሠራላቸው ከስንቱ እንደሆነ ሳንጠይቅ የምናልፍ ከሆነ ምንም አልተማርንም።

እስካሁን መጉደሉ እኛን ሲያሳምረን ነው ያሳየሁት። ወደ ሌላም ያጋድላል። በእንግሊዟ የሊድስ ከተማ እ.ኤ.አ. በማርች 2013 መጨረሻ የሕፃናት የልብ ቀዶ ሕክምና እንዲቆም ታዘዘ። በቅድሚያ የወጣ ትንተና የሕፃናቱ ሞት ከሌሎች ማዕከላት ከፍ ያለ አስመስሎት ነበር። ሆስፒታሉ ወደ ብሔራዊው የመረጃ ቋት የላከው መረጃ ግን ያልተሟላ ነበር። መረጃው ተሟልቶ ሲታይ ማዕከሉ ከሚፈቀደው ወሰን አልወጣም፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቀዶ ሕክምናው ተጀመረ። በመሐሉ ወላጆች የታመመ ሕፃን ይዘው ወደ ሌላ ከተማ ሄደዋል፤ የሐኪሞቹም ስም በየጋዜጣው ተነሥቷል። ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ለማስተዋል አያስቸግርም። የታካሚው ክብደት፣ ሌላ ሕመሙ፣ ሲመጣ የነበረበት ሁኔታ ካልተጻፈ፣ በሞት አፋፍ የመጣው ሕፃን እንደ ማንኛውም ሕፃን ይቆጠራል፤ ሞቱም የሐኪሙ ጥፋት ይመስላል። በእኛም አገር ከየወረዳው ሪፈር የሚደርሰው ትልቅ ሆስፒታል ሁልጊዜ ገዳይ ሆኖ የሚታየው፣ ላኪዎቹ ጤና ጣቢያዎችም ንጹሕ የሚመስሉት ከዚህ የተነሣ ነው። የሪፈር ወረቀቱ ግማሽ ባዶ ሆኖ ይመጣል፤ የመልስ ወረቀቱም አይመለስም።

እንግዲህ ምን እናድርግ ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። አዲስ ሶፍትዌር ግዙ አልላችሁም። መጀመሪያ፣ አንድን ነገር በሁለት የተለያዩ እጆች የተጻፈ መዝገብ አግኙለት። ሞትን የዋርዱ መዝገብ ይጽፈዋል፤ አስከሬን ክፍሉም ይጽፈዋል። ቀዶ ሕክምናን የኦፕሬሽን ክፍሉ፣ የማደንዘዣ ባለሙያው፣ የደም ባንኩ ይጽፉታል። እነዚህ ሰዎች ሪፖርት ሲጽፉ አይመካከሩም፤ ጥቅማቸው እዚያ ላይ ነው። እንበል በአንድ ዓመት የዋርዶች መዝገብ 30 ሞት፣ የአስከሬን ክፍሉ 40 ሞት አለው፤ ስም በስም ሲመሳከሩ 24ቱ በሁለቱም አሉ። በድምሩ 46 ሰዎች ተገኙ ማለት ነው። ሠላሳን በአርባ አባዝታችሁ ለ24 ብታካፍሉ 50 ይመጣል፤ ቢያንስ አራት ሰዎች ከሁለቱም መዝገብ እንደቀሩ ይጠቁማችኋል፤ የዋርዱ መዝገብ ደግሞ ከሞቱት 60 በመቶውን ብቻ እንደያዘ። ይህን ስሌት ቻንድራ ሴካር እና ዴሚንግ እ.ኤ.አ. በ1949 በካልካታ አቅራቢያ ያልተመዘገቡ ልደቶችንና ሞቶችን ለመገመት አቅርበውታል፤ የትምህርት ቤት ሒሳብ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ከአንዱ መዝገብ የሚቀረው ሰው ከሌላውም የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ቤተሰቡ አስከሬኑን ከዋርድ በቀጥታ ወደ አገሩ የወሰደው አለ፤ ድንገተኛ ክፍል እንደደረሰ ያለፈው አለ። ስለዚህ እውነተኛው ቁጥር ከ50 የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ አይሆንም።

ሁለተኛው ልማድ ይበልጥ ቀላል ነው፤ የማይታወቀውን አትጣሉት፤ ስሌቱ ውስጥ አስገቡት። የዓይን ሞራ ግርዶሽ ዘመቻ ተደርጎ 200 ሰዎች ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው እንበል። በስድስተኛው ሳምንት የተመለሱት 90 ናቸው፤ ከእነርሱ 81ዱ ደህና ያያሉ። ሪፖርታችን «90 በመቶ ስኬት» ይላል። ያልተመለሱት 110 ሁሉም ቢያዩ ስኬቱ ከ95 በመቶ ይበልጣል፤ ማንኛቸውም ባያዩ ወደ 40 በመቶ ይወርዳል። እውነቱ በእነዚህ መካከል የሆነ ቦታ ነው፤ የት እንደሆነም አናውቅም። እንዲህ ጻፉት። «ከ40 እስከ 95 በመቶ፤ የ110 ሰዎች ሁኔታ አልታወቀም» የሚል ሪፖርት ያሳፍራል ብላችሁ ትፈራላችሁ፤ ለጋሹም አይወደውም። ነገር ግን ያ ሪፖርት ሰዎቹን እንድትፈልጉ ያስገድዳችኋል። ሁሉንም ማግኘት ባትችሉ ከ110ሩ 20ውን በዕጣ አውጥታችሁ ቤታቸው ሂዱ። በገዛ ፈቃዳቸው ከመጡት ከ90ዎቹ ይልቅ እነዚያ 20ዎቹ የበለጠ ይነግሯችኋል።

ቦስተን ውስጥ ኧርነስት ኮድማን የሚባል ቀዶ ሐኪም ከመቶ ዓመት በፊት ይህንኑ ይል ነበር፤ እያንዳንዱ ታካሚ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ተከታተሉት፤ ካልተሳካም ለምን እንዳልተሳካ ጻፉ አለ። በራሱ ትንሽ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1911 እስከ 1916 ያከማቸውን 337 ታካሚዎች ውጤት ሲያትም የ123 ስሕተቶችን ዝርዝር አብሮ አወጣ። ያ ቁጥር ከየትኛውም የጊዜው ሆስፒታል የከፋ ይመስላል፤ ሌሎቹ ስላልቆጠሩ። ሰውየው በዘመኑ አልተመሰገነም፤ ባልደረቦቹ ጠሉት። ዛሬ ግን ስለ ሕክምና ጥራት ሲጻፍ ስሙ ብዙ ጊዜ ይነሣል።

ቀሪው ነገር የመረጃ ባለሙያዎቻችን ነው፤ ይህን ጠንከር አድርጌ እላለሁ። በየተቋሙ ዝቅተኛ ደመወዝ እየተከፈለው፣ ከካርድ ክፍል ጀርባ በጠበበች ክፍል ተቀምጦ ይህን ሁሉ ቁጥር የሚሰበስበው ወጣት ጉድለቱን ከማንኛችንም በፊት ያያል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ የትኛው ዋርድ መዝገቡን ወሩ ሲያልቅ ተቀምጦ እንደሚሞላ፣ የትኛው ሣጥን ሁልጊዜ እንደሚዘለል ያውቃል። ግን አይናገርም፤ ከመናገሩ በፊት የአለቃውን ፊት ያያል። «ይሄን ቁጥር እንደገና እየው» ተብሎ የተመለሰለት ሪፖርት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ያን ቃል የምንናገረው እኛ ነን። እንደዚያ ስንል ያለንን ሥልጣን በሟቾቹ ላይ እያዋልን መሆኑን እንወቅ።

ምሉዕነትን ከልብ ስትጀምሩ የመጀመሪያው ዓመት ከባድ ነው። ሞት ይጨምራል፤ ኢንፌክሽን ይጨምራል፤ የስኬት መቶኛ ይቀንሳል። ሆስፒታሉ የባሰበት ይመስላል። ይህን ለቦርዳችሁ፣ ለጤና ቢሮአችሁ፣ ለሠራተኞቻችሁ ከአሁኑ በጽሑፍ ንገሩ፤ ቁጥሩ ከወጣ በኋላ የሚነገር ማብራሪያ ማመካኛ ይመስላልና። በሪፖርታችሁም ከእያንዳንዱ መቶኛ አጠገብ «ከስንቱ» የሚል ሌላ ቁጥር አስቀምጡ፤ ያ ቁጥር የሌለበትን ስላይድ በመድረካችሁ ላይ አታሳልፉ።

ሐምሌ ሲገባ የዓመቱ ግምገማ ይመጣል፤ እንደ ልማዳችን ዋንጫና የምስክር ወረቀት ይዘጋጃል። በዚህ ዓመት ሽልማቱ ከመታወጁ በፊት፣ አንደኛ የወጣው ተቋም ያዋለዳቸውን የ30 እናቶች ስም ከማዋለጃ መዝገቡ በዕጣ አውጡ፤ ሌላ 10 ደግሞ ከየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ማህደር፣ በዚያ ተቋም ወልደዋል የተባሉትን ውሰዱ። በየቀበሌያቸው ሰው ልካችሁ፣ ስልክ ያላቸውንም ራሳችሁ ደውላችሁ፣ እናቲቱ እንዴት እንዳለች፣ ሕፃኑም በሕይወት እንዳለ ጠይቁ። ከ10ሩ ስንቶቹ በመዝገቡ እንደተገኙም ቁጠሩና ከዋንጫው በፊት ለጉባኤው አንብቡት።